በጋውን በትንሽ ወጪ፦ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ሙቀት ፍለጋ

በጋው አጭር ነው። እኛ ደብረ ብርሃን የምንኖር ሰዎች ክረምቱን በጋቢና በከሰል እሳት እናልፈዋለን። መስከረም ሲጋመስ ሰማዩ ይከፈታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር መጨረሻ ፀሐይ እንደ ልብ ትወጣለች። የካቲት ላይ የበልጉ ዝናብ ሊጀምር ይችላል፤ ሁዳዴም ይደርሳል። ስለዚህ በእጃችን ያለው አራት ወር ግድም ነው። ከዚያ ላይ የሰርጉን፣ የማኅበሩን፣ የለቅሶውንና የፈተናውን ቅዳሜ ስትቀንሱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርትና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። በደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ያን ጥቂት ቀን በቴሌቪዥን ፊት ሲጨርሰው ማየት ያንገበግበኛል። ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ እንዴት ልንጠግበው እንደምንችል የማውቀውን ልንገራችሁ።

በሰሜን ሸዋ ሙቀት የሚገኘው በከፍታና በሰዓት ነው፤ ዕቅዳችሁ ሁሉ ከዚህ ይነሣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር አይሞላትም። ሰው 1,000 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይሞቃል። እንግዲህ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የተጓዘ ቤተሰብ 10 ዲግሪ የሚያህል ሙቀት ይጠብቀዋል ማለት ነው። ጠዋት ሹራብ ለብሶ የወጣ ልጅ እኩለ ቀን ላይ በማንጎ ጥላ ሥር በሸሚዝ ይሯሯጣል። ይህን በአንድ የአውቶብስ ቲኬት የሚያገኝ አገር ብዙ አይመስለኝም።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ልጆችን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ሜዳ ማውጣት አያስፈልግም። ከ3 እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ የእኛ ነው፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና የቀኑን ሙቀት ጠራርጎ ይወስደዋል። ብርድ ስላለ ፀሐይዋ አትጎዳም ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ቀዝቃዛ ነፋስ እየነፈሰ እንኳ የልጆች ጉንጭና አፍንጫ ይላላጣል። ባርኔጣ፣ ነጠላ ወይም ጃንጥላ ከቤት አይቅር።

ዕቅዱ በመስከረም ይጀመር

የመስከረም መጨረሻ ላይ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን መቁጠሪያ ይዛችሁ ከባለቤታችሁና ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡ። መጀመሪያ የማይነካውን ሰርዙ፤ የፈተና ሳምንት፣ የማኅበር ተራ፣ ጥር ላይ የሚደራረበው ሰርግ። እሑድ የቤተ ክርስቲያንና የዘመድ ጥየቃ ቀን ስለሆነ እኔ ቅዳሜን እመርጣለሁ። ከቀሩት ቅዳሜዎች አብዛኞቹ ምንም የማያስወጡ ይሁኑ፤ አንድ ሁለቱ ብቻ የመኪና መንገድ ያለባቸው።

ሩቁን መንገድ በትምህርት ቤቶች የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ብታደርጉት ይሻላል። በሥራ ቀን መናኸሪያው ይቀላል፣ ወንበር መርጦ መቀመጥም ይቻላል። የገናና የጥምቀት ዋዜማ ላይ ግን ልጆች ይዛችሁ ወደ መናኸሪያ አትሂዱ፤ ግፊያው ያደክማል፣ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅም አይጠፋም።

ትልቁ ወጪ ትራንስፖርት ነው። ምግቡን ከቤት ከያዛችሁ ሌላው ኢምንት ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተሰባስባችሁ ሚኒባስ በኮንትራት ያዙ። ከጥቅምት ጀምሮ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ብታዋጡ ጥር ላይ ማንም አይጨነቅም። ከሹፌሩ ጋር ስትነጋገሩ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ፤ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ምሳው በማን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ሁሉ አስቀድሞ ይነገር። በአውቶብስ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የትኛው ልጅ እንደሚታቀፍና ለየትኛው ወንበር እንደሚከፈል ቤት ውስጥ ቁረጡ።

ሳንቲም የማይወጣባቸው ቅዳሜዎች

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የበጋው አብዛኛው ደስታ ያለው እዚሁ ነው።

ጥቅምት የእሸት ወር ነው። ገጠር ዘመድ ወይም የምታውቁት ገበሬ ካላችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ የባቄላና የአተር እሸት ከማሳው ዳር ተቀምጦ እየፈለፈሉ መብላት ለከተማ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ስኳር ወይም ቡና ያዙ። ይህም ቢሆን ከአንድ የሻይ ቤት ቆይታ አይበልጥም።

ከታኅሣሥ ጀምሮ ውቂያው ይመጣል። ከከተማችን ሰፈር ከጠባሴ ትንሽ ወጣ ስትሉ ገብስና ስንዴ የሚወቃበት አውድማ ታገኛላችሁ። ዝም ብሎ መግባት ነውር ነው። መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ቁሙና «ምርቱን ይባርክልዎ አባቴ፣ ልጆቹ ውቂያ አይተው አያውቁም» በሉ። «አሜን፣ ግቡ ልጄ፣ በሬዎቹን ብቻ ከኋላ እንዳይጠጉ» የሚል መልስ አይጠፋም። ልጆቹ በሬዎች ሲዞሩ፣ ገለባው በመንሽ ተነሥቶ በነፋስ ሲለይ፣ ፍሬው ከሥር ሲቀር ያያሉ። እኔ በክፍል ውስጥ ስለ እህል አመራረት የማስተምረውን አንድ ከሰዓት በኋላ አውድማ ዳር የቆመ ልጅ በደንብ ይረዳዋል። ሥራው ሲጣደፍ ግን አትቆዩ፤ ለገበሬው ይህ የዓመት ጉሮሮው ነው።

በሬሳ ወንዝ ሌላው ነው። ከከተማው በላይ ወዳለው በኩል ሂዱ፤ ከታች ቆሻሻ ይቀላቀልበታል። ክረምቱን እርጥበት የጠጣውን ብርድ ልብስና ጋቢ ሸክፋችሁ፣ ስንቅ ይዛችሁ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ውረዱ። የታጠበው በሣር ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ልጆቹ ቅልሞሽና ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ፤ ትልልቆቹ ገበጣ መሬት ላይ ቆፍረው ጠጠር ይለቅማሉ። የቤት ሥራው አልቆ፣ ፀሐይ ተጠግቦ፣ አንድ ብር ሳይወጣ ወደ ቤት ይገባል።

ገና ሲቃረብ የገና ጨዋታን ለልጆቻችሁ አስተምሩ። ጫፉ ቆልመም ያለ ጠንካራ እንጨት ለዱላው ይበቃል፤ ሩሩን፣ ማለትም ኳሱን፣ ከእንጨት ወይም ከተጠቀለለ ቆዳ መሥራት ይቻላል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚባለው ታላቅና ታናሽ ሳይል ሁሉም ስለሚገባበት ነው። እናንተ አባቶችም ግቡበት፤ ዳር ቆሞ ስልክ መነካካት ይቅር። ትንንሾቹ ግን ከትልልቆቹ ተለይተው ይጫወቱ፤ ዱላው ቁርጭምጭሚት ያገኛል።

ከተማችንንም በእግር አሳዩአቸው። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፤ በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ስፍራው ይህን ስም አገኘ። የታሪክ ጸሐፊዎች ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ወደ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እየተራመዳችሁ ይህን ለአንድ የአሥር ዓመት ልጅ ንገሩትና ስንት ጥያቄ እንደሚያመጣ ተመልከቱ።

ቁልቁል የሚኬድባቸው ቀኖች

ሁለት አቅጣጫ አለ። የመጀመሪያው ወደ አንኮበር ነው፤ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንኮበር ራሷ ቀዝቃዛ ናት፤ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችውን ኮረብታ በእግር መውጣት ግን ሰውነት ያሞቃል። ከላይ ቁልቁል ስትመለከቱ ወደ አፋር የሚዘረጋው ቆላ ከእግራችሁ ሥር ይሆናል። ዐፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት ቤተ መንግሥታቸው እዚህ ነበር። በኋላም በኮረብታው ላይ በዚያ አምሳል ሎጅ ተሠርቶበታል፤ ገንዘብ መቆጠብ የፈለገ ቡናውን በፔርሙዝ ይዞ በተዳፋቱ ላይ ይጠጣል። የሚያስጎበኛችሁ ሰው ካገኛችሁ ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ።

ጊዜና መኪና ካላችሁ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ውረዱ። ሙቀቱ ያለው እዚያ ነው። የአርጎባ ነጋዴዎች ከተማ ናት፤ ከባሕር ጠረፍና ከአፋር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ከደጋው ሰው ጋር የሚገናኝባት በር ነበረች። ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞችም በዚችው በኩል ነው ወደ አንኮበር የወጡት። የገበያ ቀኗን አጠያይቃችሁ ብትሄዱ ከዘመን ዘመን ሳይቋረጥ የቆየውን የደጋና የቆላ ግብይት ታያላችሁ።

ሁለተኛው አቅጣጫ በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ነው፤ ለልጆች እኔ የምመርጠው ይህን ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ አልፋችሁ ስትወጡ ገደሉ ይከፈታል፤ ጭጋግ ከሌለ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመንገድ ዳር ሣር ሲነጩ ይታያሉ። ምግብ አትወርውሩላቸው፤ ከለመዱ መኪና ሥር ይገባሉ። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ጠመዝማዛው ይጀምራል፤ ሆዳቸው የሚረበሽ ልጆች ከፊት ይቀመጡ፣ ቁርስ ቀለል ይበል፣ ሎሚ ይያዝ። ጆሮ ሲደፈን ምራቅ እንዲውጡ ንገሯቸው።

ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ የሚከፈልበት መዝናኛ መፈለግ አያስፈልግም። በዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ፣ ፓፓያና ሙዝ ከአትክልተኛው ገዝቶ እዚያው መብላት፣ በመስኖ የለማውን የሽንኩርት ማሳ ዞሮ ማየት ቀኑን ይሞላዋል። ሽንኩርቱን ለቤት ሸምቱ፤ ሁለት ሦስት ቤተሰብ በጆንያ ገዝቶ ቢካፈል የመንገዱን ወጪ በከፊል ይመልሳል። ስትመለሱ ደብረ ሲና ላይ የሴቶቹን ቆሎ ሳትገዙ አትለፉ።

ሁለት ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ቆላው የወባ አገር ነው፤ በተለይ ዝናቡ እንዳቆመ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ። ስለዚህ ጉዞውን ወደ ጥር ግፉት፣ ሳይመሽም ተመለሱ፤ ማደር ግድ ከሆነ አጎበር ያለበት ክፍል ይዛችሁ እደሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ልጅ ካለ ቆላ መውረዱን ለሐኪሙ ተናገሩ። ሌላው ወንዝ ነው፤ ሙቀቱ ቢያጓጓም ልጆች በቆላ ውኃ ውስጥ አይዋኙ። ቢልሃርዚያ የሚገኘው በእንዲህ ያለው ቀስ ብሎ በሚሄድ ውኃ ነው።

በምንጃር በኩል ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ጥምቀትን ኢራንቡቲ አሳልፉ። ብዙ ታቦታት በአንድ ሜዳ የሚያድሩበት በዓል ነው፤ አየሩም ከእኛው በእጅጉ ይሞቃል።

መንዝ ጓሳን የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ለሙቀት ብሎ የሚኬድበት አይደለም። ቀይ ቀበሮ ማየት የሚፈልግ ግን ይሂድ፤ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው የሕዝብ መኪና በመካከሉ ያልፋል። የመግቢያ ክፍያውን ሳትከራከሩ ክፈሉ። የመንዝ ሰው ያን ሣር ቄሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ነው ለእኛ ያደረሰው።

ስንቅ

የበሶ አገር ሰው ለምሳ ምግብ ቤት ማማተር የለበትም። ጭብጦ ከሁሉ ይበልጣል፤ በሶውን በጥቂት ውኃ፣ በጨውና በበርበሬ አሽታችሁ፣ በፍስክ ቀን ቅቤ በጾም ቀን ዘይት ጨምሩበት። አይበላሽም፣ አይፈስም፣ ከትንሽዋ እስከ ትልቁ ያጠግባል። የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ድፎ ዳቦ ጨምሩ። ከኅዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ስለሆነ ወጪው ይበልጥ ይቀንሳል። ውኃ በአምስት ሊትር ጀሪካን ከቤት ያዙ፤ በመንገድ ላይ የታሸገ ውኃ ለስድስት ሰው መግዛት ከትራንስፖርቱ ጋር ይፎካከራል።

ከመነሣታችሁ በፊት በዋዜማው ማታ መናኸሪያ ሄዳችሁ ወይም ወደምትሄዱበት ከተማ ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን አረጋግጡ። ከሹፌሮቹ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቢያመነቱ ቅሩ፤ ስንቁ ተዘጋጅቷልና በሬሳ ዳር ይበላል፣ የተዋጣውም ገንዘብ ለሚቀጥለው ወር ይቀመጣል።