የወላጆችዎን ዘመን በዘፈን ይጠይቁ

የወላጆችዎን ትዝታ መዝግበው ማስቀረት ከፈለጉ፣ «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብለው ከመጀመር ይልቅ በቅድሚያ የወጣትነት ዘመናቸውን ዘፈን ያሰሟቸው። ሰው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜው የሰማውን ዘፈን አጥብቆ እንደሚያስታውስ የሥነ ልቦና አጥኚዎች ደጋግመው ስላሳዩ፣ በ1945 ዓ.ም. ለተወለደ ሰው ከ1955 እስከ 1975 ዓ.ም. የወጡትን መምረጥ ይበጃል።

ጅማ፣ ሂርማታ በሚገኘው ቤታችን አንድ አሮጌ ካሴት ስከፍት፣ ቡና ትቆላ የነበረችው እናቴ ምጣዱን ከእሳቱ አንሥታ በእጇ እንደያዘች ቆመች፤ ከዚያም ካሴቱ የተገዛበትን ቀን፣ የዚያን ዓመት የአንድ ፈረሱላ ቡና ዋጋና አባቴ ለብሶት የነበረውን ኮት ሳይቀር ተረከችልኝ። (ቡናው ማረሩ አልቀረም።)

ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት ሊጣበቅ ስለሚችል፣ ከማጫወትዎ በፊት በእስክሪብቶ ቀስ ብለው ጥቂት ያዙሩትና እስከ መጨረሻው አጠንጥነው ይመልሱት። ስልክዎን ድምፅ እንዲቀዳ አድርገው ከቴፑ ራቅ፣ ከተናጋሪው ቀረብ አድርገው ያስቀምጡ። ወሬው ሲጀመር የቴፑን ድምፅ ይቀንሱ እንጂ አያጥፉት፤ ዓመተ ምሕረቱን በመጨረሻ ይጠይቁ።