የተረሳ ፒንጉዊኩላን መልሶ የማልማት ዘዴ

ፒንጉዊኩላ በቅጠሉ ላይ ባለው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ትንኞችን ይዞ የሚፈጭ ነፍሳት በል ተክል ነው። በቤት ውስጥ በብዛት ከሚለሙት ዝርያዎች አንዱ የሆነው የሜክሲኮው ፒንጉዊኩላ ሞራኔንሲስ፣ በትውልድ አገሩ ዝናብና በጋ ስለሚፈራረቁበት በዓመት ሁለት ዓይነት ቅጠል ያበቅላል፤ በዝናቡ ወቅት ሰፋፊና የሚያጣብቁ፣ በበጋው ደግሞ ትንንሽ፣ ወፈር ያሉና ነፍሳት የማይዙ ናቸው። ስለዚህ ለወራት ውሃ ሳያገኝ የከረመ ተክል የሞተ ቢመስልም፣ ሳይመረመር መጣል የለበትም።

በመጀመሪያ የደረቁትን የውጭ ቅጠሎች በወረንጦ አንድ በአንድ ያንሱ። መሃሉን በጣት ጫፍ በቀስታ ሲነኩት ጠንከር ያለና አረንጓዴ ከሆነ ተክሉ በሕይወት አለ፤ ቡናማ ሆኖ የሚፈርጥ ከሆነ ግን በስብሷል።

ቀጥሎ አሮጌውን አፈር አራግፈው በፐርላይት (ቀላል ነጭ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ በታጠበ አሸዋና በጥቂት ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ፣ በከፊል የበሰበሰ የሽበት ተክል) ድብልቅ ላይ ይትከሉት። ሥሩ አጭርና ስስ ስለሆነ ጥልቅ ዕቃ አያስፈልገውም። ማዳበሪያ ፈጽሞ አይጨምሩ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ውሃው ነው። ብዙዎች የተጠማውን ተክል ለማካካስ አንድ ጊዜ ውሃ ያጠግቡታል፤ በእረፍት ላይ ያለ ፒንጉዊኩላን የሚገድለው ግን ከድርቁ ይልቅ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ወፍራሞቹ ቅጠሎች በውሃ ሲከበቡ ከሥራቸው ይበሰብሳሉ። አፈሩ እርጥበት ብቻ እንዲኖረው በዝናብ ወይም በዲስቲልድ (ተንኖ በመጠራቀም የተጣራ) ውሃ ያርጥቡት፤ ከላይ አያፍስሱበት። አዲሶቹ ቅጠሎች ሰፍተው፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው ጥቃቅን ጠብታዎች ሲያብረቀርቁባቸው ብቻ፣ ከዕቃው ሥር በሳህን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ማኖር ይጀምሩ። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ይስማማዋል፤ ትንኙንም ራሱ ይይዛል።

እንደ ዋስትና፣ ከወፍራሞቹ ቅጠሎች ጥቂቶቹን ነጩ መነሻቸው ሳይቆረጥ ወደ ጎን ጎተት አድርገው ያላቁ። በእርጥብ ፐርላይት ላይ አስተኝተው ክዳን ባለው ግልጽ ዕቃ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው ብሩህ ቦታ ያስቀምጧቸው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከነጩ መነሻ ትንንሽ ችግኞች ብቅ ይላሉ፤ የራሳቸውን ሥር ሲሰዱ ለየብቻ ይተከላሉ።