በሩ አልዘጋ ሲል፣ ግድግዳው ሲያልበው፣ ፍሪጁ ሲጠፋ፦ ከባድ መኪና ላይ ቤት ሠርታችሁ ለምትጓዙ

ከባድ መኪና ላይ ቤት ሠርቶ ከልጆች ጋር ከአስፋልት ርቆ ማደርን የሚያክል ነገር የለም። ግን ይሄ ቤት ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይጣመማል፣ አቧራ ይቅማል። ስለዚህ ይበላሻል። አስቸጋሪው ነገር ደግሞ ችግሩ የሚታየው አንድ ቦታ ሆኖ መነሻው ሌላ ቦታ መሆኑ ነው፤ ይሄን ሳናይ ስንቱን ደህና ዕቃ ነቅለን ቀይረናል። መፍቻ ከማውጣታችሁ በፊት መነሻውን ፈልጉ።

በሩ ማታ አልዘጋ ይላል

ቀን በደንብ ሲከፈትና ሲዘጋ የዋለ በር፣ ማታ ቆማችሁ ልጆቹን ልታስተኙ ስትሉ አልገጥም ይላል። በትከሻ ትገፉታላችሁ፣ ወይ ፍንክች። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማጠፊያውን ነው። ቆዩ፣ አትፍቱት። ባትሪ መብራት ይዛችሁ ውረዱና ጎማዎቹን እዩ። የግራው የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ ወጥቶ የቀኙ የኋላ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ በሩ ምንም አልሆነም።

የጭነት መኪና ሻንሲ (ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው የሥር ብረት) እንዲጣመም ሆኖ የተሠራ ነው። ወጣ ገባ መሬት ላይ ጎማዎቹ መሬቱን እንዳይለቁ የሚያግዘው ይሄው መጣመሙ ነው። የኋላው ቤት ግን ሳጥን ነው፣ መጣመም አይወድም። ሁለቱ በቡሎን ጥርቅም ተደርገው ከታሰሩ ሻንሲው ሲጠማዘዝ ቤቱንም ይዞት ይጠማዘዛል፤ መጀመሪያ በሩ ይነክሳል፣ ቀጥሎ የመስኮት ጥግ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል፣ ከዚያ በዚያች ስንጥቅ ዝናብ ይገባል።

ለዛሬ ማታ መኪናውን አንድ ሁለት ሜትር አንቀሳቅሱና ጎማዎቹ እኩል የሚቆሙበት ቦታ ፈልጉ። በሩ ከተዘጋ ምክንያቱን አገኛችሁት ማለት ነው። ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ጫፉ ላይ በእርሳስ አጭር መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉበት፤ ከሳምንት በኋላ መስመሩን አልፎ ከሄደ እያደገ ነው።

ዘላቂው መፍትሄ በሻንሲውና በቤቱ መካከል ራሱን የቻለ ፍሬም ማስገባት ነው። አንዱ የተለመደ አሠራር ፍሬሙን ከኋላ በኩል አጥብቆ ማሰርና ከፊት በኩል ቡሎኖቹን ከስፕሪንግ ጋር ማሰር ነው። ሻንሲው ሲጣመም ከፍሬሙ ትንሽ ይለያያል፣ መሬቱ ሲስተካከል ተመልሶ ይቀመጣል፣ ቤቱ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። በሦስት ወይም በአራት ነጥብ ላይ በሚሽከረከር ማያያዣ የሚያሠሩም አሉ። ከጋቢና ወደ ኋላ የምታልፉበት ቀዳዳ ካላችሁ መገናኛው የሚተጣጠፍ ጎማ ይሁን፤ በላሜራ ከተበየደ ይቀደዳል። አደራ፣ የሻንሲውን የላይና የታች ከንፈር (የታጠፈውን ጠርዝ) እንዳትበሱት፣ እንዳትበይዱበትም። ጭነቱን የሚሸከመው እሱ ነው፣ ስብራትም የሚጀምረው እዚያ ነው።

ጠዋት ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ፍራሹ ከሥር ረጥቧል

ሰው ሁሉ ጣሪያው ያፈሳል ብሎ ሲልኮን ይዞ ይወጣል። ሌሊቱን ዝናብ ካልነበረ ግን ውሃው የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። አራት ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሽና በላብ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይለቃል። ጋዝ ሲነድም ውሃ ይወጣዋል፤ 1 ኪሎ ፕሮፔን ተቃጥሎ 1.6 ኪሎ ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይሰጣል። ያ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ ይጤዛል። ጣታችሁን በጠብታዎቹ ላይ አስኪዱና እዩ፣ ቡሎን ራስና የመስኮት ብረት ላይ ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ።

ብርድ ቢሆንም ሁለት ቀዳዳ ክፈቱ፣ አንዱ ዝቅ ያለ፣ አንዱ ጣሪያ ላይ። አንድ ብቻ ከሆነ አየሩ አይዘዋወርም። ድስት ክደኑ፣ እርጥብ ልብስ ውጭ ይደር፣ ፍራሹን ደግሞ አየር በሚያሳልፍ ርብራብ ላይ አንሱት።

ሁሉም ሰው ራሱን ያመዋል

ይሄን በቀልድ አትዩት። ከፍ ያለ ተራራ ላይ ስትሆኑ ከፍታው ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም እሳት በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድም ምልክቶች ናቸው። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ልጅ ደግሞ አመመኝ አይልም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ሰው ቀስቅሳችሁ ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ እሳቱንም ማሞቂያውንም አጥፉ፤ የደነዘዘ ወይም የማይነቃ ሰው ካለ ወዲያው ወደ ሕክምና።

መነሻው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው የምግብ ምድጃን በተዘጋ ቤት ውስጥ ለሙቀት መጠቀም ነው። ይሄ በምንም ምክንያት አይደረግም። ሁለተኛው የናፍጣ ማሞቂያው የጭስ ቱቦ ነው፤ በመንገዱ ንቅጥቃጤ ማሰሪያው ይላላና ጭሱ ወለሉ ሥር ይቀራል፣ ወይም ጫፉ በጭቃና በበረዶ ይደፈናል። ከሻካራ መንገድ በኋላ ማሞቂያውን ከመለኮሳችሁ በፊት ከሥር ገብታችሁ ቱቦውን በእጅ ነቅነቅ አድርጉት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ልጆቹ የሚተኙበት አካባቢ ይኑር፣ ባትሪውንም ከጉዞ በፊት ሞክሩት።

ባትሪው ሙሉ ነው፣ ፍሪጁ ግን ይጠፋል

ፍሪጁ ሊነሳ ይሞክራል፣ ጠቅ ይላል፣ ይተኛል። ባትሪው ላይ ስትለኩ 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ጤነኛ ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ አዲሱም ያው ሆነ። መለካት ያለበት ፍሪጁ ጋ፣ ኮምፕረሰሩ (የፍሪጁ ሞተር) ሊነሳ ሲል ነው። እዚያ ቮልቱ ወድቆ ባትሪው ላይ ካልወደቀ ጥፋቱ የሽቦው ነው።

ሒሳቡን እዩት። ፍሪጁ ከባትሪው 5 ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ነው። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ ሽቦ 6 አምፒር ሲሄድ 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሲነሳ ደግሞ የሚስበው ከዚያ ይበልጣል። በ6 ካሬ ሽቦ የሚጠፋው 0.2 ቮልት እንኳን አይሞላም። ሽቦውን አወፍሩት። የፊውዝ መያዣውን በእጃችሁ ንኩት፤ የሚሞቅ ከሆነ መጋጠሚያው ልል ነው ወይም ዝጓል።

የመኪናው ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ከሆነ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት አትስረቁ። አንዱ ሁልጊዜ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መለወጫ ግጠሙ።

በብርድ ምድጃው ይደክማል

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ቢውታን ስለሆነ ነው። ቢውታን ከዜሮ ዲግሪ በታች ወደ ጋዝነት አይለወጥም ማለት ይቻላል፣ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ከዜሮ በታች ወደ ጋዝነት ይለወጣል። ለብርድ አገር ፕሮፔን ያዙ። ሲሊንደርን በእሳት ማሞቅ አይታሰብም።

ሳህኑ ሁሉ አቧራ ነው

ስትነዱ ከኋላ ያለው አየር ይሳሳል፣ ቤቱም ባገኘው ቀዳዳ አቧራውን ይምጋል። የኋላውን ሁሉ ዝጉና ጣሪያው ላይ ከፊት ያለውን፣ ማጣሪያ የተገጠመለትን ቀዳዳ ክፈቱ፤ ንጹሕ አየር ከፊት ሲገባ አቧራው መግቢያ ያጣል። ቀዳዳውን ለማግኘት ማታ ውስጥ ጠንካራ መብራት አብሩና ልጆቹን በውጭ በኩል አዙሯቸው። ብርሃን ያዩበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። የእኔ ልጆች እኔ ስፈልገው የከረምኩትን በደቂቃ ነው ያገኙት፣ በበሩ ታች ጎሚኒው ተቆርጦ ነበር።

ጠዋት አየር የለም፣ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል

የአየር ፍሬን (በታመቀ አየር የሚሠራ ፍሬን) ያለው መኪና ቆሞ ሲያድር ጥቂት አየር ቢያጣ አይደንቅም። ሙሉ በሙሉ ከወረደ ግን የሆነ ቦታ ያፈሳል። የአየር ታንኮቹን ሙሉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ሰው ሁሉ ዝም ይበልና አዳምጡ፤ ሽሽ የሚለውን መገጣጠሚያ የሳሙና ውሃ ቀቡት፣ አረፋ ይሠራል። አየሩ ሳይሞላ የእጅ ፍሬኑ አይለቅም፣ በግድ ለመንቀሳቀስ አትሞክሩ፣ ጩኸቱ እስኪቆም ጠብቁ። የታንኮቹን ውሃም በየጊዜው በታችኛው ቫልቭ አፍስሱ፣ በብርድ ከረጋ ፍሬኑን ይዘጋል። የሚወጣው ውሃ ብዙ ዘይት ከቀላቀለ ታንኮቹን በአየር የሚሞላው ኮምፕረሰር ዘይት እያሳለፈ ነው፤ ከተማ እንደገባችሁ አሳዩት።