ጀሶ ተፈቶም ጉልበት ገትሮ የሚቀርባቸው ስህተቶች

ጉልበቱ አካባቢ ተሰብሮ ለሳምንታት ጀሶ ውስጥ የከረመ እግር ሲፈታ ጭኑ ሰልሎ፣ ቆዳው ተቀርፎ፣ አልታጠፍም ብሎ ነው የሚገኘው። ይህ የሚጠበቅ ነው። ፊዚዮቴራፒ ተጀምሮም እንደገተረ ሲቀር ግን ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ አለ።

ማሽኑ ያድነኛል ማለት። «ዛሬ ማሽን ሳያደርጉልኝ መለሱኝ» ብሎ ማኩረፍ የተለመደ ነው። ሙቀቱም ኤሌክትሪኩም ህመም ያስታግስ ይሆናል እንጂ ብቻውን ጉልበት አያጥፍም። በሳምንት ሁለት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚሄድ ሰው ባለሙያው ዘንድ የሚቆየው አንድ ሰዓት ነው፤ የቀረው 167 ሰዓት የራሱ ነው።

የቤቱን ሥራ በግምት መሥራት። በጣም የሚበላሸው ቀላል የሚመስለው ነው። እግር ተዘርግቶ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበት ስር ይገባል፤ ጉልበቱ ፎጣውን ቁልቁል ይጫናል፣ እስከ 5 ተቆጥሮ ይለቀቃል። 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ብዙዎች ትንፋሻቸውን ይዘው መቀመጫቸውን ያጠብቃሉ፤ ጭኑ ግን ተኝቷል። መለያው የጉልበት ሎሚ ነው፦ ጣት ሲያርፍበት ወደ ጭን ሸርተት ካላለ ሥራው አልተሠራም። ለማጠፉ ደግሞ ካልሲ አጥልቆ ሊሾ ላይ ተረከዝን ወደ መቀመጫ መሳብ ይበቃል።

ትራስ ከጉልበት ስር አድርጎ መተኛት። ይመቻል፣ ችግሩም እሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ታጥፎ ያደረ ጉልበት ቀጥ ማለት ያቅተዋል፤ ያልተቃና ጉልበት ደግሞ ያስነክሳል። ትራሱ ከተረከዝ ስር ይሁን። ፎጣውም ሥራው እንዳለቀ ይነሳ።

ህመምን አለመለካት። ከ10 ነጥብ ቢበዛ 4 የሚሰጡትና ሲነጋ የሚበርድ ህመም አያስፈራም። ጠዋት ጉልበቱ አብጦ ከሞቀ የቤቱን ሥራ ብዛት በግማሽ መቀነስ እንጂ መተው አይደለም። ባቱ ካበጠና ሲነኩት ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን አይታሽም፤ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ነው።

ጎን ለጎን ወጌሻ ዘንድ መታሸት። አጥንቱ ገና ሳይጠነክር እግሩ በኃይል ሲታጠፍ እንደገና ሊሰበር ይችላል። የተጎዳ ጡንቻ አጥብቆ ሲታሽ ደግሞ ውስጡ አጥንት ሊያበቅል ይችላል፤ በክርን ላይ ይህ በተለይ ይታወቃል። ታሽተው ከሆነም ለባለሙያው ይንገሩ፣ አይቆጣም። ቢቆጣም ይንገሩ።

ክራንችን በታመመው በኩል መያዝ። አንድ ክራንች ሲቀር የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ነው። ከብብት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ይበል፣ ክብደቱም በእጅ ላይ ይረፍ፤ ብብት ላይ ከተንጠለጠሉ እጅ ይደነዝዛል። በኮንዶሚኒየም ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ክራንቹና የታመመው። እግሩ ምን ያህል ክብደት ይቻል የሚለውን ግን የሚወስነው ራጁን ያየው ሐኪም ነው።

ህመሙ ሲጠፋ ማቆም። ህመም ቀድሞ ይሄዳል፣ ጡንቻ ዘግይቶ ይመለሳል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙና ከጉልበት ሎሚ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ሁለቱንም ጭኖች ይለኩ። የታመመው አሁንም በግልጽ ከቀጠነ ፎጣው ገና አይሰቀልም።