ዶሜይን ያለ ደላላ፣ ለሚሰራበት ሰው በቀጥታ ስለመሸጥ (ከሀዋሳ)

ብዙ ሰው ወደ ዶሜይን (የዌብሳይት አድራሻ ስም) ንግድ የሚገባው ቮይስ ዶት ኮም የሚባለው ስም በፈረንጆቹ 2019 በ30 ሚሊየን ዶላር ተሸጠ የሚለውን ሰምቶ ነው፣ ከዛ አስራ ምናምን ስም ይገዛና ኦንላይን ገበያ ላይ ዘርግቶት ቁጭ ይላል፣ ዓመቱ ዞሮ ስሙን ይዞ ለመቆየት የሚከፈለው የማደሻ ሂሳብ ሲመጣ ነው የሚባንነው። እኔም አንዱ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ "ይሄ ስም ስንት ነው?" ያለኝ አንድ ሰው የለም። አሁን ግን ስሙን ራሴ ይዤ ሊሰራበት ወደሚችለው ሰው እሄዳለሁ፣ በእግሬ ማለቴ ነው፣ ከፒያሳ እስከ አቶቴ፣ ፀሐዩ ሲበረታ በባጃጅ። ሀብታም አላደረገኝም ግን ስሞቹ ማደሻቸውን ችለው ለኔም ይተርፋል።

መጀመሪያ ስሙ። እዚህ የማወራው ስለ ዶት ኮም ነው፣ ዶት ኢቲ በኢትዮ ቴሌኮም ስር ስለሆነ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው፣ ውጭ የሚከፍል ካርድ ከሌላችሁ በብር ተቀብለው የሚያስመዘግቡ አገር ውስጥ ያሉ ሆስቲንግ (የዌብሳይት ማስቀመጫ ቦታ) ሻጮች አሉ፣ ትንሽ ጨምረው ነው፣ ብቻ አካውንቱ በናንተ ኢሜይል መከፈቱን እዩ። የሚሸጠው ስም ደግሞ አሪፍ የሚመስለው አይደለም። የከተማ ስም እና የሥራ ስም የተጣበቀበት፣ ሰው ጉግል ላይ የሚፅፈው አይነት ደረቅ ስም ነው የሚሸጠው። ሀዋሳ ላይ መኪና ኪራይ፣ ሀዋሳ ላይ ጀልባ፣ ሀዋሳ ላይ ጥርስ ሐኪም፣ እንደዚህ።

እዚህ ላይ ግን የኛ ከተማ ጣጣ አለባት። በእንግሊዝኛ አንዱ በኤች ጀምሮ ይፅፋታል፣ አንዱ በኤ፣ አንዱ ኤስ ይደግማል፣ ሌላው በአንድ ኤስ ያልፋል፣ ኤርፖርቷ እንኳን ኮዱ ኤ ደብሊው ኤ ነው፣ ኤች የለበትም። እና ስም ከመግዛቴ በፊት ለሦስት ሰው ደውዬ "እስቲ ይሄን በእንግሊዝኛ ፅፈህ በቴሌግራም ላክልኝ" እላለሁ። ሦስቱም አንድ አይነት ከላኩ እገዛዋለሁ፣ ሦስት አይነት ከመጣ ወይ እተወዋለሁ ወይ ሁለቱን ፅሁፍ አብሬ እይዝና እንደ አንድ ዕቃ እሸጠዋለሁ። ሁለቱን አብሮ መሸጥ እንደውም ጥሩ ይሰራል፣ ምክንያቱም ገዢው ራሱ የሱቁን ስም ሁለት ቦታ ሁለት አይነት ፅፎት ታገኙታላችሁ፣ ስታሳዩት ይስቃል፣ ከሳቀ ወሬው ተጀመረ ማለት ነው።

ስሙ ድሮ የሰው ከነበረ ዌይባክ ማሽን (የድሮ ዌብሳይቶችን ቅጂ የሚያሳየው ሳይት) ላይ አስገብታችሁ ምን ይሰራበት እንደነበር እዩ። የቁማር ሳይት የነበረ ስም ለክሊኒክ መሸጥ አይቻልም፣ ነውርም ነው።

አሁን የማይነካውን ልንገራችሁ፣ ይሄን በራሴ ቆዳ ነው የተማርኩት። ስጀምር የአንድ ሆቴልን ስም ዶት ኮሙ ክፍት ሆኖ አገኘሁትና ያዝኩት፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ማናጀሩ አዳምጦ ጨረሰና "ስማችንን ወስደህ መልሰህ ለኛ ልትሸጥልን ነው የመጣኸው?" አለኝ። ምን ይባላል። ሰውየው ልክ ነበር፣ በነፃ አስተላልፌላቸው ወጣሁ፣ ሻይም አልጠጣሁም። በሕጉም ቢሆን የዓለምን ዶሜይኖች የሚያስተዳድረው አይካን በፈረንጆቹ 1999 ያወጣው ዩዲአርፒ የሚባል የስም ክርክር መፍቻ አሰራር አለ፣ ስሙ ከሰው የንግድ ምልክት ጋር ከተመሳሰለ፣ እናንተ በስሙ ላይ መብት ከሌላችሁ፣ ያስመዘገባችሁትና የምትጠቀሙበትም በክፉ ልብ ከሆነ፣ ስሙን ይቀሟችኋል። ለባለምልክቱ ለመሸጥ ብሎ መያዝ ራሱ ክፉ ልብ ተብሎ ይቆጠራል። ከቡና ጋር ለምትሰሩ ደግሞ ሲዳሞ፣ ሐረር፣ ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች መንግሥት በፈረንጆቹ 2005 አሜሪካ ላይ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠይቆ ነው ከስታርባክስ ጋር ያን ሁሉ ተጨቃጭቆ በፈረንጆቹ 2007 የተስማማው፣ ስለዚህ ሲዳሞን ከቡና ጋር አጣብቃችሁ ስም ከመያዛችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ።

ገዢ ማግኘት። ኢሜይል መላክ እርሱት። እዚህ ከተማ ለድርጅት ኢሜይል ብትልኩ የሚያየው የለም፣ ያየውም ሌባ ናችሁ ብሎ ያጠፋዋል። እኔ የማየው ታፔላ ነው፣ የመኪና ጀርባ ነው፣ ቢዝነስ ካርድ ነው። ታፔላ ለማሰራት ብር አውጥቶ ግን ከስልኩ ስር የጂሜይል አድራሻ ያስፃፈ ሰው ካያችሁ ፎቶ አንሱት፣ እሱ ነው ሰውየው። ገንዘብ አለው፣ ለማስታወቂያ ያወጣል፣ የራሱ ዶሜይን ግን የለውም። ታፔላ የሌለው፣ ፌስቡክ ላይ ብቻ ያለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገዛም፣ ስንቴ ሞክሬዋለሁ።

ሰዓቱንም ምረጡ። ሆቴል ከሆነ ታህሳስ 19 ገብርኤል ሰሞን ባለቤቱ ጋር መግባት ልፋት ነው፣ ከተማው በሰው ይሞላል፣ ሰው ክፍል እየለመነ ስለ ዶሜይን ማን ይሰማል፣ ከዛ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ከሄዳችሁ ግን ሪዘርቬሽን ጭንቅላታቸው ውስጥ ስላለ ይሰሟችኋል። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ጥሩ ነው። ሰኞን ተዉት።

የሸጥኩትን አንዱን በዝርዝር ልንገራችሁ። ፍቅር ሐይቅ ጋር አንድ ሚኒባስ ቆሞ አየሁ፣ ጀርባው ላይ "ለሽርሽርና ለሰርግ እናከራያለን" ይላል፣ ከስሩ ሁለት ስልክና አንድ ረጅም ጂሜይል፣ ቁጥር ሁሉ ያለበት። እኔ ጋር የከተማዋና የመኪና ኪራይ ስም አንድ ላይ የሆነ ዶት ኮም ነበር፣ በኤች በሁለት ኤስ የሚፃፈው። ደወልኩ፣ ጎልማሳ ድምፅ ነው። "ጋሼ ደህና አደሩ፣ ስለ መኪናው ነበር" አልኩ፣ "ስንት ቀን ፈለግክ?" አሉኝ፣ አይ ኪራይ አይደለም አልኩና አስር ደቂቃ ብቻ ቁጭ ብለን እናውራ ብዬ ቡና ቤት ቀጠርኳቸው። ዶሜይን የሚል ቃል በስልክ አላወጣሁም፣ በስልክ ብትሉ ኢንሹራንስ ልትሸጡ መስሏቸው ይዘጉታል።

ስንገናኝ ስልኬን አውጥቼ "ጋሼ፣ ለአንድ ውጭ ላለ ሰው ኢሜይልዎትን በአፍ ይንገሩልኝ" አልኳቸው። ጀመሩ፣ መሃል ላይ ጠፋባቸው፣ ቁጥሩ 7 ይሁን 9። ከዛ የኔን ስም አልኩላቸው፣ እሳቸውም ደገሙት። በቃ ይሄው ነው ሴልሱ፣ ስለ ጉግልና ስለ ብራንድ ምናምን አላወራሁም። ቀጥሎ ያሉት ነገር ነው ዋናው፣ "ልጄን ላማክር"። ልጃቸው ናት ቴሌግራሙን የምትይዘው። እኔ መጀመሪያ ይሄን ሰበብ ይመስለኝ ነበር፣ አይደለም፣ ብዙ ቤት የሚወስነው ልጅየው ወይ ልጅቷ ነው፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ቀጠሮ ከሷ ጋር ያዙ። ለሷ የላክሁላት መልእክት ይቺው ናት፦

"ጤና ይስጥልኝ፣ እዚሁ ሀዋሳ ነው የምኖረው። ከአባትሽ ጋር የተነጋገርንበት ስም የኔ ነው፣ ዋጋው 40,000 ብር ነው፣ አንዴ ይከፈላል። ከዛ በኋላ በዓመት የማደሻው ብቻ ነው የሚኖረው። እስከ ሚቀጥለው አርብ ለሌላ ሰው አላሳየውም።"

ዋጋውን ራሳችሁ ጥሩ። "ስንት ትሰጡኛላችሁ?" ካላችሁ 2,000 ይሏችኋል፣ ምክንያቱም ወንድሙ ወይ የሰፈሩ አይቲ ልጅ ዶሜይን ያን ያህል ነው ብሎታል፣ አልዋሸም፣ ያልተያዘ ስም እውነትም በዛ ነው የሚገዛው። የኔ መልስ "እውነት ነው፣ ሌላ ስም በዛ ዋጋ ያገኛሉ፣ እኔው አስመዘግብልዎታለሁ" ነው። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያምነኝ። የማወዳድረውም ከሌላ ዶሜይን ጋር ሳይሆን ለመኪናው ፅሁፍና ለታፔላ ካወጡት ጋር ነው። ክርክር ይኖራል፣ ለዛ ቦታ ተዉ፣ እኔ 40 ብዬ በ32 ነው የተስማማነው። ኦንላይን ገበያ ላይ ቢሆን ኮሚሽኑ ብቻ ጥሩ ቁራሽ ይወስድ ነበር።

ትልልቅ ድርጅት ላይ ግን ሌላ ትዕግስት ያስፈልጋል። አንዱ ጋር ዋጋ ተስማምተን ስናበቃ ግዢ ክፍል ወረድኩ፣ ልጅቷ "ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ" አለችኝ። እህቴ ይሄ ስም ዓለም ላይ ያለው አንድ ነው፣ እሱም እኔ ጋር ነው ብላት "መመሪያ ነው" አለች። በመጨረሻ ብቸኛ አቅራቢ ነው የሚል ደብዳቤ ተፅፎ ሥራ አስኪያጁ ፈርሞበት ነው ያለቀው፣ ወር ተኩል ፈጀ። ደረሰኝም ይጠይቃሉ፣ ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ከሌላችሁ በባለቤቱ ደረጃ የሚወስኑ ሰዎች ጋር ብቻ ስሩ፣ መሃል ላይ ከማፈር።

ብሩና ርክክቡ። ስክሪንሾት ብር አይደለም። "ይኸው ልኬያለሁ" ብሎ የባንክ ስክሪንሾት ቢያሳያችሁ የራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ ሳታዩ ምንም አትልቀቁ፣ ዘመድም ቢሆን። ገዢውም እናንተን መፍራቱ ያለ ነው፣ እኔ ከፍዬ ስሙ ባይመጣስ ይላል፣ ስለዚህ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ መጨረስ ነው፣ ለዚህ ነው እንደውም ሰፈር ውስጥ መሸጥን የምወደው። ባጭር የሁለት ገፅ ውል፣ ምስክር ሁለት ሰው፣ አለቀ። ገዢው ውጭ ያለ ዲያስፖራ ከሆነ ኤስክሮው ዶት ኮም የሚባለው መሃል ላይ ብሩን ይይዛል፣ ስሙ ሲደርሰው ነው ለናንተ የሚለቀው።

ስሙ የሚተላለፈው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፑሽ፣ ገዢው እናንተ ያላችሁበት ሬጅስትራር (ስሙን ያስመዘገባችሁበት ድርጅት) ላይ አካውንት ይከፍታል፣ እናንተ ከዛ ወደዛ ታሻግሩታላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ደቂቃዎች ነው፣ ነፃ ነው። ሁለተኛው ትራንስፈር፣ ስሙ እንዳይወጣ የሚያግደውን ሎክ ታነሳላችሁ፣ አውዝ ኮድ የሚባለውን ትሰጣላችሁ፣ እስከ አንድ ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ የአንድ ዓመት ይከፈልና ዕድሜውም በዛው ይጨምራል። ስሙ ከተመዘገበ 60 ቀን ካልሞላው ወደ ሌላ ሬጅስትራር አይወጣም፣ ይሄን ሳታዩ ቃል አትግቡ። አውዝ ኮድ ማለት የቤት ቁልፍ ነው፣ ብሩ ሳይገባ አይሰጥም።

አካውንቱ ሲከፈት ደግሞ በገዢው ኢሜይልና በገዢው ስልክ ይሁን። እዚህ ከተማ ስንቱ ነው ዌብሳይት የሰራለት ልጅ ዶሜይኑን በራሱ ስም አስመዝግቦ፣ ልጁ አገር ሲቀይር ስሙም አብሮት የሄደ። የጋሼ ልጅ ራሷ ናት ስልኳ ላይ የከፈተችው፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብረን አበራን፣ ፑሽ አደረግኩ፣ ስሙ አካውንቷ ውስጥ ሲታይ ጋሼ መነፅራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት፣ ከዛ ልጅቷ "የሚያልቀው ማርች 14፣ 2027 ይላል" አለች።

"ኧረ ገና 9 ዓመት አለ!" አሉ ጋሼ ደስ ብሏቸው።

የተፃፈው በፈረንጆቹ ነው፣ እሳቸው ግን ያኔ ከነበርንበት ከኛው 2018 ነው የቆጠሩት። ይሄን ከሸጣችሁ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ማስረዳት አለባችሁ፣ አለዚያ ስሙ ያልቃል፣ እስከ 45 ቀን ቢታገሱት ነው፣ ከዛ 30 ቀን በውድ ዋጋ ማስመለሻ፣ ከዛ 5 ቀን ጠብቆ ለማንም ክፍት ይሆናል፣ እናንተም ሸጣችሁት የጠፋ ስም ሆኖ ከተማው ውስጥ ስማችሁ ይነሳል። ወረቀት ጠይቄ "መጋቢት 5፣ 2019" ብዬ በትልቁ ፃፍኩ፣ ልጅቷ ቢሯቸው ካለው የቀን መቁጠሪያ ጎን በፕላስተር ለጠፈችው፣ እኔም ስልኬ ላይ የካቲት መጀመሪያ ላይ እንዲጮህ አድርጌ ወጣሁ።