ብቅል በቤት ውስጥ፦ የገብስ ህዋስ ሲነቃ በዓይን ለማየት

ጠላ በሚጠመቅበት የወሎ ቤት ያደገ ሰው የብቅልን ሽታ ያውቀዋል። እኔም ብቅል አውቃለሁ ብዬ ነበር። ባዮሎጂ ከተማርኩ ወዲህ ግን ከጠላው ይልቅ ሳፋው ውስጥ የሚሆነው ነገር ይገርመኝ ጀመር። ህዋስ ጉልበት ከየት እንደሚያገኝ፣ ዲኤንኤ ላይ ያለው መመሪያ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል ያለ ማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። ግማሽ ኪሎ ገብስና አንድ ሳምንት ይበቃል። ቤታችሁ ጠላ የማይገባበት ከሆነም ችግር የለም፤ መጨረሻ ላይ የምንሠራው ሙቅ ነው።

1. ገብሱን ምረጡ

ገብሱ በሕይወት ያለ መሆን አለበት። የተቆላ አይሆንም። የተፈተገም አይሆንም፤ ሲፈተግ ጽንሱ ይሰበራል። ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባውን አትንኩት። ገና ከአውድማ የመጣ ገብስም ያስቸግራል። የበልግ ገብስ እንደታጨደ ቢነከር ብዙው እምቢ ይላል፤ እንቅልፍ ላይ ነዋ። ያ እንቅልፍ ባይኖረው ዝናብ ሲመታው ማሳው ላይ እንዳለ ይበቅል ነበር። ሁለት ሦስት ወር ያረፈ ገብስ ፈልጉ።

2. ንከሩት፣ ግን አታስጥሙት

አጥባችሁ የሚንሳፈፈውን ገለባ ጣሉ። ከዚያ ለ24 ሰዓት ያህል በቀዝቃዛ ውሃ ይነከር። በመሃል ሁለት ጊዜ ውሃውን ድፉና አንድ አንድ ሰዓት አየር ይግባው። ይቺን ነገር የምትንቁ ካላችሁ የኔን ስሙ። አንድ ጊዜ ደሴ ገብስ ነክሬ ለቅሶ ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ስመለስ ሳፋው ጠላ ጠላ ይሸታል፤ ከዚያ ሁሉ ገብስ የበቀለው እፍኝ አይሞላም።

ምን ሆኖ ነው? ህዋስ ስኳርን እንዳለ ለሥራ ሊያውለው አይችልም። ኮምቦልቻ ላይ 200 ብር ይዛችሁ ባጃጅ እንደመግባት ነው፤ ዝርዝር ያስፈልጋል። የህዋስ ዝርዝር ኤቲፒ ይባላል። ኦክስጅን ካለ ማይቶኮንድሪያ የተባሉት የህዋስ ክፍሎች አንዱን ግሉኮስ ወደ 30 ገደማ ኤቲፒ ይመነዝሩታል። ኦክስጅን ከሌለ የሚገኘው 2 ብቻ ነው፤ የቀረው ጉልበት አልኮል ውስጥ እንደተቆለፈ ይቀራል። የኔ ገብስ ውሃ ውስጥ ታፍኖ በ2 ኤቲፒ ሊኖር ሞከረ፣ አልቻለም። ሽታው የመጣው ከዚያ ነው።

3. አፍኑት፣ በየቀኑም አገላብጡት

ውሃውን አጥልላችሁ ገብሱን በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ጠቅልሉት። እነሱ ከሌሉ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅም ይሆናል። ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። በቀን ሁለቴ ፈታ አድርጋችሁ አገላብጡ፤ ከደረቀ ውሃ እርጩበት። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ሦስት ቀን ሊበቃው ይችላል። ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ባለው ብርድ፣ አራትና አምስት ቀን ጠብቁ።

በሁለተኛው ሌሊት እጃችሁን መሃሉ ክተቱ። ይሞቃል! እሳት የነካው የለም። ስኳር ሲመነዘር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉልበት ኤቲፒ ሳይሆን ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የራሳችን ገላ የሚሞቀውም በዚሁ ነው። አገላብጡ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ካልተገላበጠ መሃሉ በራሱ ሙቀት ይበላሻል።

አሁን ስኳሩ ከየት መጣ? ገብስ ውስጥ ያለው አብዛኛው ምግብ ስታርች ነው። ስታርች እርስ በርሱ የተቆላለፈ የስኳር ሰንሰለት ስለሆነ ጽንሱ እንዲሁ ሊበላው አይችልም። የሚቆርጥለት አሚላዝ የተባለ ኢንዛይም ይፈልጋል። ደረቁ ገብስ ውስጥ ደግሞ ዋናው ቆራጭ፣ አልፋ አሚላዝ፣ የለም ማለት ይቻላል። ያለው መመሪያው ነው።

መመሪያው ዲኤንኤ ላይ ነው። የገብስ ዲኤንኤ 5 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው፤ የሰው 3 ቢሊዮን ገደማ ነው፣ እንግዲህ አንኩራ። እያንዳንዱ ህዋስ ይህን ሁሉ ይዞ አብዛኛውን ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ገብሱ ውሃ ሲጠጣ ጽንሱ ጊበሬሊን የሚባል ሆርሞን ይልካል። ሆርሞኑ ከገለባው ሥር ስታርች ያለበትን ነጩን ክፍል የከበበው፣ 3 ህዋስ ብቻ የሚወፍር ስስ ሽፋን ጋ ይደርሳል። እዚያ የአሚላዝ ጂን፣ ማለትም የአሚላዝ መመሪያ ያለበት የዲኤንኤ ክፍል፣ ይከፈታል። ዋናው ሰነድ ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ ግልባጩ ነው የሚወጣው። ግልባጩ አርኤንኤ ይባላል። ራይቦዞም የተባለው የህዋስ ክፍል ያነበውና አሚኖ አሲዶችን በተጻፈው ቅደም ተከተል እየቀጠለ ኢንዛይሙን ይሠራል። ህዋሱ ኢንዛይሙን ወደ ነጩ ክፍል ይረጨዋል። ለዚህ ሁሉ ሥራ የሚከፈለው በዚያው በኤቲፒ ነው።

ትእዛዙ ከጽንሱ እንደሚመጣ ማየት የፈለገ ጥቂት ደረቅ ፍሬ በምላጭ ለሁለት ይቁረጥና ጽንስ ያለውንና የሌለውን ግማሽ ለየብቻ ያርጥብ። ጽንስ የሌለው ግማሽ ነጩን ክፍል እንደ ጽንሳሙ አያለሰልሰውም። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ጊበሬሊን ሲጨመርበት ራሱ አሚላዝ ያመርታል።

4. በሰዓቱ አቁሙት

ብቅል ማለት እኮ ለገብሱ ያልጨረሰው ሥራ ነው። ኢንዛይሙን አምርቶ ስታርቹን ሳይበላ እንቀማዋለን። ሰዓቱን ለማወቅ የአንዱን ፍሬ የጀርባ ገለባ ላጡ። ከሥሩ የሚነሳው ቡቃያ የፍሬውን ርዝመት ሦስት አራተኛ ካከለ ደርሷል። ፍሬውን በጣት ስትፈጩት እንደ ጠመኔ ከደቀቀም ጥሩ ነው። መሃሉ ጠጠር ካለ አንድ ቀን ጨምሩለት።

ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ሥሩን አሽታችሁ አራግፉ፣ ፍጩት። ምጣድ ላይ እንዳታደርጉት! ድርቀት ኢንዛይሙን ያስተኛዋል፣ እሳት ግን ያበላሸዋል። እናቶቻችን ለጠላ ሌላውን እህል ሲያምሱና ሲቆሉ ብቅሉን ፀሐይ ብቻ የሚያሳዩት ያለ ምክንያት አይደለም።

5. ሙቁ ላይ ሞክሩት

ማንኪያ የሚያቆም ወፍራም ሙቅ አብስሉና በሁለት ኩባያ ክፈሉት። ጣት ለአፍታ እስኪችለው ይብረድ። በአንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት፣ በሌላው ያንኑ ያህል ያልበቀለ ጥሬ የገብስ ዱቄት ጨምሩና አማስሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ብቅል የገባበት እየቀጠነ ይሄዳል፤ ማንኪያዋ ትወድቃለች። ሌላው ብዙም አይለወጥም። ከየኩባያው ትንሽ ሳህን ላይ ጠብ አድርጋችሁ በውሃ ካቀጠናችሁ በኋላ የፋርማሲ አዮዲን ጨምሩበት። ስታርች ያለበት ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ብቅል የገባበት ሞቅ ብሎ ሲቆይ ቀለሙ ወደ ቡናማ እየሳሳ ይሄዳል። አዮዲን የነካውን ድፉት።

ቆቦ አካባቢ ያላችሁ በማሽላ ልሞክር ካላችሁ ይሠራል። ሆኖም የማሽላ ቡቃያና ሥር ሳያናይድ የሚያወጣ ነገር ስላለው ለማየት ብቻ ይሁን።

የገብሱን ሙቅ ለልጅ የምትሰጡ ከሆነ ከቀጠነ በኋላ እንደገና በደንብ አፍሉት፤ እርጥበት ውስጥ የቆየ እህል ጀርም አያጣም። ሲፈላ ኢንዛይሙም ሥራውን ያቆማል። የቀጠነው ሙቅ ግን ተመልሶ አይወፍርም፤ ሰንሰለቱ አንዴ ተቆርጧል።