የዋልካ አፈር እርጥበትና ኦርጋኒክ ቁስ አለካክ

ከጃማና ከወረኢሉ የሚመጣ ጥቁር ዋልካ (ሸክላ የበዛበት አፈር) ለላቦራቶሪ ያስቸግራል። ቶሎ አይደርቅም፤ ሲቃጠል ደግሞ ኦርጋኒክ ቁሱ (ከበሰበሰ ዕፅዋትና እንስሳ የመጣው ክፍል) ካለው በላይ የበዛ ያስመስለዋል።

ናሙናውን ከአንድ ማሳ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ውሰዱና ባልዲ ውስጥ ቀላቅሉት። ከእርከን ሥር፣ ከዛፍ ጥላ፣ ፍግ ከተከመረበትና ከብት ካደረበት ቦታ አትውሰዱ። ለእርጥበት የሚለካውን ወዲያው በወፍራም ላስቲክ አሽጉና ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ፀሐይ ካገኘው ከአፈሩ የወጣው ውሃ ላስቲኩ ላይ ያላብና ሳይመዘን ይቀራል።

ክዳን ያለው ቆርቆሮ ባዶውን መዝኑ። ጓሉን ከሽንብራ ፍሬ እስከማይበልጥ ሰባብሩና 50 ግራም ያህል ጨምራችሁ እንደገና መዝኑ። ክዳኑን ከፍታችሁ በማድረቂያ ምድጃ (ኦቨን) በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 24 ሰዓት አድርቁ። እንደ ደሴ ባለ ከፍተኛ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ቢሆንም 105ን አትቀንሱ፣ በቅንጣቶቹ ላይ የተጣበቀው ውሃ የሚወጣው በዚያ ሙቀት ነው። ለዋልካ 24 ሰዓት ላይበቃ ይችላል፤ መዝናችሁ ለተጨማሪ 2 ሰዓት ካደረቃችሁት በኋላ ደግማችሁ መዝኑና ክብደቱ መቀነሱን ካላቆመ መልሱት። በእንጀራ ምጣድ ማድረቅ አይሆንም፤ ሙቀቱ ከ105 አልፎ ኦርጋኒክ ቁሱን ያቃጥልና የጎደለው ሁሉ ውሃ ይመስላል።

ክዳኑን ገጥማችሁ ዴሲኬተር (እርጥበት የሚመጥ ነገር ያለበት ዝግ ዕቃ) ውስጥ አቀዝቅዙ። ትኩስ ዕቃ ሚዛኑን ያሳስታል፤ ክፍት የቀረ ዋልካ ደግሞ፣ በተለይ በክረምት፣ ከአየር እርጥበት ይስባል።

ቆርቆሮው 22፣ ከእርጥብ አፈር ጋር 82፣ ከደረቀ በኋላ 70 ግራም ከሆነ የወጣው ውሃ 12፣ ደረቁ አፈር 48 ግራም ነው። 12 ለ48 ሲካፈል 25 በመቶ ይመጣል። በእርጥቡ 60 ግራም ካካፈላችሁ ግን 20 በመቶ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አካፋዩ ደረቁ አፈር ነው።

ለኦርጋኒክ ቁስ አፈሩን በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉ፣ የሥር ቁርጥራጭ ልቀሙ። በ105 ዲግሪ ከደረቀው 10 ግራም በክሩሲብል (ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ትንሽ ዕቃ) አድርጋችሁ፣ 0.01 ግራም በሚለይ ሚዛን መዝኑ። ክሩሲብሉ ራሱ አስቀድሞ ተቃጥሎና ቀዝቅዞ የተመዘነ ይሁን። በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር እሳቱ ያጠፋዋል፤ የክሩሲብሎቹን አቀማመጥ ወረቀት ላይ ሳሉ። ቀዝቃዛ ፈርነስ (የማቃጠያ ምድጃ) ውስጥ አስገብታችሁ ሙቀቱን ቀስ በቀስ አሳድጉ፣ ድንገት ከጋለ አፈሩ ይፈናጠራል። በ550 ዲግሪ 4 ሰዓት ይቆይ። ጭሱ የሚወጣበት መተንፈሻ ያስፈልጋል።

የጎደለው 0.80 ግራም ቢሆን 8 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ግን ለዋልካ እንዳለ አትቀበሉት። ሸክላው በውስጡ የያዘው ውሃ በዚህ ሙቀት ከፊሉ ስለሚወጣ ከኦርጋኒክ ቁስ ጋር ተደምሮ ይቆጠራል። በ360 ዲግሪ 2 ሰዓት ማቃጠል ይህን ስህተት ይቀንሳል። ነጭ የኖራ እንክብል ያለበት አፈር ከሆነ ፈርነሱ ከ550 እንዳያልፍ ተጠንቀቁ፣ ካለፈ ኖራውም እየፈረሰ ጋዝ ያወጣል። የተሻለው መንገድ ከናሙናዎቹ ጥቂቱን በዎክሊ ብላክ ዘዴ (ካርቦንን በኬሚካል በሚለካው) ካርቦናቸውን አስለክቶ፣ ወደ ኦርጋኒክ ቁስ ለመቀየር በ1.724 አባዝቶ፣ ከማቃጠሉ ውጤት ጋር ማነጻጸር ነው። ከንጽጽሩ የሚገኘው ማስተካከያ ለዚያው አካባቢ አፈር ብቻ ያገለግላል፤ ከቆቦ ሜዳ ለመጣ ናሙና አትጠቀሙበት። ውጤቱን ስትመዘግቡ የተቃጠለበትን ዲግሪና ሰዓት አብራችሁ ጻፉ።